በነጭ የተጻፈው የወንድሜ ስም

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ ቤት አልገባም አለች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ከሕንጻችን ኋላ ወዳለው ሸለቆ ወረደች... ተከተልኳት።

ሰፈራችን ቶርንክሊፍ ፓርክ የምትኖሩ ሸለቆውን ታውቁታላችሁ። እዚያ ቅርፊቱ ልስልስ ያለ ቢች የሚባል ትልቅ ዛፍ አለ። ታላቅ ወንድሜ ሮቤል ከሦስት ዓመት በፊት ስሙን በቢላ ቀርጾበታል። በአማርኛ መጻፍ የሚችለው ስሙን ብቻ ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ መኪና ገጭቶት ሞተ።

ዛፉን ሳየው ደርቄ ቀረሁ። ፊደሎቹ ነጭ ሆነዋል! ሌላው ቅርፊት ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ «ሮቤል» ግን በጥጥ የተጻፈ ይመስላል።

እናቴ መጀመሪያ ያየችው ሐሙስ፣ ስሙን ልታይ ብቻዋን ወርዳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ከሐዘኑ ጀምሮ ከተኛችበት አልጋ ተነስታ እህል መቅመስ ጀምራለች።

ዛፉን ተሳለመችው። ነጩን በጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ ልክ እንደ ቤተክርስቲያን እምነት ግንባሬን ቀባችኝ።

«ማሚ፣ ምንድነው?»

«ዝም በል። ወንድምህ ነው የላከው።»

ስንመለስ በር ላይ ጋሽ ደምሴን አገኘናቸው። የሕንጻችን ሱፐር፣ ጠባቂና ጠጋኝ ናቸው፤ አገር ቤት ግን ጅማ ውስጥ የቡና ተባይ ያጠኑ ነበር። እናቴ ስለ ዛፉ በደስታ ነገረቻቸው። እሳቸው ግንባሬን ትክ ብለው አዩና «እስቲ ያሳዩኝ፣ ወይዘሮ አልማዝ» አሉ።

ዛፉ ጋ ስንደርስ ከኪሳቸው አጉሊ መነጽር አውጥተው ሰጡኝ። በነጩ ስር ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ ቢጫ ነገር አየሁ... ሕይወት አላት!

«ነጩ ከሰውነቷ የምታወጣው ሰም ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ወንድ የላቸውም፣ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ገና ጫጩት ሳለች ነፋስ ያመጣታል። ስንጥቅ ትወዳለች። አንዴ አፏን ከተከለች እስክትሞት አትነቃነቅም።»

መነጽሩን እንደገና አስጠጋሁ።

«ካልታጠበ ዛፉ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ለእናትህ ንገራት።»

«እኔ? ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ!»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለች እናቴ።

«ማሚ... ተባይ ነው። ዛፉን ሊገድለው ይችላል።»

ተመልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምትተኛ መሰለኝ። እሷ ግን እጇን ዘረጋችና መነጽሩን ተቀበለችኝ። ጎንበስ ብላ አየች... በጣም ረጅም ጊዜ አየች።

«ነፋስ ነው ያመጣት?»

«አዎ፣ ወይዘሮ አልማዝ።»

«ይሄ ሁሉ ዛፍ እያለ?»



እናቴ ቀና አለችና ዞር ብላ አየችኝ። «ውሃና ብሩሽ አምጣ። ለስላሳውን። ስሙ እንዳይቆስል።»

እሷ እያሸች፣ እኔ ውሃ እያፈሰስኩ ነጩ ለቀቀ። ፊደሎቹ ጠቁረው ከስር ወጡ፤ አንድም አልጎደለም።

ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ለሮቤል ይሁን፣ ለእናቴ ይሁን፣ ለዚያች ቅንጣት ፍጥረት ይሁን አልጠየቅኳቸውም... እኔ ብሆን ለሦስቱም አወልቅ ነበር።