ከፎቶው ጠርዝ ያሉት ድንጋዮች

ነገሩ የደረሰብኝ አምና፣ የማሾ አጨዳ ባለቀ ሰሞን፣ ባቲ ገበያ ውስጥ ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው ስለደነገጥሁ አይደለም። ደስ ስላለኝ ነው። ያ ደስታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የምኖረው ከሚሴ ነው፣ ብቻዬን። ሰዓዳ የምትባል የልጅ ልጅ ነበረችኝ። "ነበረችኝ" ስል ሰው ይቸኩላል፤ አለችኝ ማለቴ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከአምናው ነገር ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ ቀን ለሱብሒ ስነሳ ፍራሿን ተጠቅልሎ አገኘሁት። ከጓደኞቿ ጋር የአፋርን በረሃ አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። ባሕሩ ጋ ስደርስ እደውላለሁ ብላ ለጎረቤት ልጅ ነግራ ነበር። አልደወለችም።

ጎረቤቴ ሐሊማ በመጣች ቁጥር፣ "እታለም፣ ይብቃሽ። ይሰገድላት፣ ሰደቃ አውጪላት" ትለኛለች።

"ሬሳዋን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው አትቅበሪብኝ።"

በሕይወት ያለን ሰው መቅበር ግፍ ነው። ስለዚህ በየሰኞው ሁለት ሦስት ጣሳ ማሾ ይዤ ባቲ ገበያ እሄዳለሁ። ማሾው ሰበብ ነው። የምሄደው አፋሮችን ለመጠየቅ ነው። አፋር ዳጉ የሚባል ወግ አለው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። መደበቅም መጨመርም ነውር ነው። የተቀበለም በተራው ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ አላውቅም።

የዚያን ሰኞ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። ቀና ስል አንድ ጢማም ሰውዬ ትልቅ ካሜራ ደግኖብኛል። ተነስቼ ማንገቻውን ጨበጥሁ።

"ምን ወሰድክ?"

"ይቅርታ እማማ፣ ፊትዎ ደስ ብሎኝ ነው።"

"ደስ ካለህ ሰላም በለው እንጂ ትሰርቀዋለህ?"

ከጎኔ ጨው የምትሸጠው ሴት፣ "አትልቀቂው፣ ጥርስሽንም ሳይወስድ አይቀርም!" አለች። የፊት ጥርስ ካጣሁ ቆይቻለሁ። ገበያተኛው ሳቀ።

ሰውዬው እጁን ኪሱ ከተተና ብር አወጣ። ይብስ ተናደድሁ።

"ብር ማን ጠየቀህ? ከንፈርህን ፀሐይ ሰነጣጥቆታል፤ የመጣኸው ከበረሃው ነው። ፊቴን ወስደሃል። በተራህ ዳጉ ስጠኝ። ያየኸውን አሳየኝ።"

ዳዊት እባላለሁ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ አለና ጆንያዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሥራው የተራራ ፎቶ ማንሳት ነው። መጀመሪያ ከስልኩ ላይ በሰሜን በኩል እጅግ ሩቅ የሆነ አገር አሳየኝ። ተራራ የሚያህል በረዶ፣ ውስጡ ሰማያዊ። እኔ በረዶ የማውቀው ማሽላችንን ሲያወድም ነው፤ ተራራ ሆኖ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም።

"ሰው የለበትም?"

"የለም። ለዚያ ነው የምወደው።"

"እኔ ቤትም ሰው የለም" አልሁት። "መጥተህ አንሳው።"

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ቀጥሎ ካሜራውን ከፍቶ ከአፋር ይዞት የመጣውን እሳት አሳየኝ። መሬቱ ተሰንጥቆ ቀዩ ይንተከተካል። "አዑዙ ቢላህ" አልሁ። ከዚያ የቀዘቀዘው እሳት መጣ፤ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ፣ እንደ ታረሰ ማሳ ተገለባብጦ። ጠርዙ ላይ የተከመሩ ድንጋዮች አየሁ። ሊያሳልፈው ሲል እጁን ያዝሁት።

"መልሰው።"

"ድንጋይ ነው እማማ።"

"ድንጋይ ብቻውን አይከመርም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫም አይተኛም። ዳጉ ላይ መደበቅ ነውር ነው።"

አንገቱን ደፋ። "መቃብር ነው" አለ። "ወደ ባሕሩ የሚሄዱ መንገደኞች ናቸው ብሎኛል መንገድ መሪዬ።"

"መቼ ነው የሞቱት? ሴት አለችባቸው?"

"አልጠየቅሁትም።"

"ለምን?"

"ብርሃኑ ሊሄድብኝ ነበር።"

ምን እንዳልሁት ሁሉን አልጽፈውም። "ለድንጋዩ ብርሃን ቸኮልክ፣ ለሰው ልጅ አፍህ ተሳሰረ?" ማለቴን አስታውሳለሁ። ጨው ሻጯም መሳቋን ተወች። ከዚያ ተራዬ ነበርና የኔን ዳጉ ሰጠሁት። የሰዓዳን ነገር፣ የተጠቀለለውን ፍራሽ ሳይቀር ነገርሁት። ለሐሊማ እንኳ እንዲያ አድርጌ ነግሬያት አላውቅም።

ሰምቶ ሲያበቃ ስልኩን አወጣና ለመንገድ መሪው ደወለ። "ድምፁን ክፈተው" አልሁት።

"እነዚያ?" አለ መንገድ መሪው በአማርኛ። "እነዚያ የቆዩ ናቸው። እኔ ፍየል የምጠብቅ ልጅ ሳለሁ ውሃ አልቆባቸው ሞቱ። አባቴ ነው ሰግዶ የቀበራቸው። ሁለቱ ሴቶች ነበሩ።"

ልጅ ሳለ! ድምፁ የጎልማሳ ድምፅ ነው። ሰዓዳ ያኔ ከጀርባዬ አልወረደችም። "አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮኽሁ። ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ድምፄን ሰማ። "ማን ናት?" አለ። "እናታቸው ናት? አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ሲል ነበር።"

እጄ በአየር ላይ ቀረ። "አይደለሁም" አልሁት።

ከወር በኋላ ዳዊት ቤቴን አጠያይቆ ከሚሴ መጣ። ደጃፌ ቆሞ መጀመሪያ ሰላም አለኝ። ሁለት ፎቶ አሳጥቦ አምጥቶልኛል፤ የኔን ፊትና ጥቁሩን ድንጋይ። የኔን በሰዓዳ ፍራሽ ጠቅልዬዋለሁ፤ ስትመጣ ምን ያህል እንዳስረጀችኝ ትየው። ድንጋዩን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ሐሊማ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ስትለኝ "እሳት ነበር" አልኋት። ወደ ጠርዙ አላየችም።

ሰኞ ሲደርስ ዛሬም ማሾዬን ይዤ ባቲ እሄዳለሁ። ሰዓዳን እጠይቃለሁ፤ እስካሁን ወሬዋ አልተገኘም። ግን አሁን አስቀድሜ ሌላ ዳጉ እሰጣለሁ። በእሳቱ ተራራ አጠገብ የተቀበሩ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ቀባሪያቸው ሰግዶባቸዋል፣ ከብዙ ዓመት በፊት ልጅ የጠፋባት እናት ካለች አድርሱላት እላለሁ። በሰው ልጅ ሞት እጄን አንስቼ አመስግኛለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰዓዳ በፊት እነሱን አስቀድማለሁ።