አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚቆይ ሳሙና

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጋሽ አያሌው ምላጭ አላስነኩኝም። መካነ ኢየሱስ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለችው ፀጉር ቤታቸው ሁለት ወንበር፣ ዳር ዳሩ የተላጠ መስታወትና ሦስት ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ነበራት። ብሩሹን አቀበሉኝና «ይኸ ለመቀባት ብቻ አይደለም፤ የተኛውን ፀጉር ለማስነሳት ነው» አሉኝ። ሲኒ ውስጥ ሳሙና አስቀምጠው «በል አረፋ አውጣ» ብለው ወደ ደንበኛቸው ዞሩ። እስከ ምሳ ሰዓት አረፋ ሳወጣ ቆየሁ። ያወጣሁት አረፋ አንድ ጎልማሳ በሬ ለመላጨት ይበቃ ነበር።

ለምን ወደ ፀጉር ሥራ እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ጨጓራዬን አሞኝ ትምህርት ተውኩ» አልኳቸው። ውሸት ነው። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም አጠገብ ካለ አንድ ጉባኤ ቤት ሦስት ዓመት ዜማ ስማር፣ ጨጓራዬ ድንጋይ ቢሰጡት ይፈጭ ነበር። የሸሸሁት መምህሬን የኔታን ስላጭ አቁስያቸው ነው።

እኛ ተማሪዎች የኔታን የምንላጨው በቀዝቃዛ ውሃና ለሁለት በተሰበረ ምላጭ ነበር። የደብሩ ንግሥ ሲደርስ ተራው የኔ ሆነ። «ፍጠን፣ ዋዜማው ሊጀመር ነው» ይሉኛል። ከጆሯቸው ጀርባ ስደርስ ምላጩ ፀጉሩን ያዝ አደረገው፤ እኔም ገፋሁት። ደሙን ለማቆም ጫን ያደረጉበት ነጭ ጥምጥም ሲቀላ አየሁ። «ውሃ ላምጣ» ብዬ ወጣሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሳልሰናበት፣ ሳልመረቅ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ የኔታ ረግመውኝ ይሆን የሚለው ሐሳብ ከሆዴ አልወጣም። ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ ፈራሁ። ምላጭ መያዝን የተማርኩት ለእንጀራ ብቻ ነው ብል አሁንም ሁለተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

በሁለተኛው ወር ጋሽ አያሌው ምላጭ ሰጡኝ፤ ከምላጩ ጋር ግን ሰው አልሰጡኝም። የሰጡኝ አንድ ትልቅ ቅል ነው። ቅሉን በሙቅ ፎጣ አሞቅሁ፤ በብሩሽ አረፋ አለበስኩ፤ በግራ እጄ ቆዳውን እንደመወጠር እያደረግሁ በቀኜ ምላጩን አጋድሜ ላጨሁት። ጋሽ አያሌው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው መረመሩት። «ይኸ ሰውዬ አምስት ቦታ ቆስሏል» አሉ። «ነገም ይመጣል፤ ደንበኛህ ታጋሽ ነው።»

ሃያ ቀን ሙሉ ላጨሁት። የሰፈሩ ወጣቶች በሩ ላይ ቆመው «ፂሙ ቶሎ ያድጋል እንዴ?» እያሉ ያላግጡብኝ ነበር። ሳቃቸውን የገታው የመብራት መጥፋት ነው። የፀጉር ማሽኑ በአንዱ ራስ መካከል ላይ ቀጥ ሲል፣ ግማሹን ጎፈሬ ይዞ ወደ እኔ ብሩሽ መምጣቱ አልቀረም።

ፂሙን የላጨሁት የመጀመሪያው ደንበኛዬ የወገዳን መንገድ አቧራ በፂሙ ይዞ የመጣ እህል ነጋዴ ነበር። ጋሽ አያሌው ሰዓት አያምኑም። ደንባቸው «ሳሙናውን ቀብተህ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስክትደግም ጠብቅ፤ ያን ጊዜ ፂሙ ይለሰልሳል» የሚል ነው። እኔም ቀባሁና በሆዴ ጀመርኩ። ጠበቅሁ። ነጋዴው ዓይኑን ከደነ፤ ገለጠ፤ እንደገና ከደነ። በመጨረሻ ጉንጩን በጣቱ ቢነካው አረፋው እንደ ኖራ ተሰነጠቀ።

«ወንድሜ» አለኝ «ልትላጨኝ ነው ወይስ ልትለስነኝ?»

ጋሽ አያሌው መጡ። «ስንት ጊዜ ደገምክ?»

«ገና አንዱንም አልጨረስኩ።»

«እንዴት?»

«በዜማ ነዋ!»

ያን ቀን ጋሽ አያሌው ወንበሩን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። የቤተ ክህነት ተማሪ እንደነበርኩም ያኔ ገባቸው። «በንባብ! በንባብ ድገም!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በንባብ ነው፤ ሳሙናም ደርቆብኝ አያውቅም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

በሁለተኛው ዓመት ነው። ጋሽ አያሌው ለቅሶ ሄደዋል፤ መብራትም ጠፍቷል። አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሩን አልፈው ገቡ። የኔታ ነበሩ። ለስብሰባ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት መጥተው ነው። ዓይናቸው ድሮም ደካማ ነበርና አያውቁኝም ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«አባ፣ ባለቤቱ የሉም። መብራትም የለም» አልኩ ድምፄን አወፍሬ።

«መብራት ምን ያደርግልኛል? ራሴን ነው የምትላጨኝ፣ መጽሐፍ አታነብልኝ!» ብለው ተቀመጡ።

ጥምጥሙን ፈታሁ። ከጆሯቸው ጀርባ የገብስ ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለች። የእጄን ሥራ አወቅሁት። ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክሬ ራሳቸው ላይ አሳረፍሁ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ። አረፋውን ቀባሁና በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። ፍርሃት ንባቡን አስረሳኝ መሰለኝ፤ ሳላውቀው ወደ ዜማ ገባሁ።

የኔታ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ይትቀደስ የሚለው ላይ አትቸኩል፤ ሦስት ዓመት ነግሬሃለሁ» አሉ።

ብሩሹ ከእጄ ወደቀ።

«የኔታ...»

«ስላንተ ሳልጠይቅ የቀረሁበት ከተማ የለም። ያን ቀን ጓደኞችህ ገደል ገብቶ ይሆናል ብለው ወንዝ ለወንዝ ሲፈልጉህ ዋሉ። ዋዜማውን ያለ እናንተ ቆምኩ። የተቆጣሁት ለዚህ ነው። ደሙማ እኔ ጥምጥሙን ሳልጨርስ ቆሟል።»

እንባዬ መጣ። «ይቅር ይበሉኝ የኔታ» አልኩ፤ ሁለት ዓመት ያጠናሁት ረጅም ንግግር ግን አንዱም አልመጣልኝም።

«ይፍታህ። ሳሙናው ደረቀ እኮ፤ ድገመው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቀስ ብለህ ላጭ፣ ይበልጣል። ዛሬ ዋዜማ የለም።»

እንደገና ቀባሁ፤ በንባብ ደገምኩ፤ ላጨሁ። ጠባሳዋ ጋ ስደርስ ቆዳውን ወጠር አድርጌ ከላይ ወደ ታች አለፍኳት። ስጨርስ መዳፋቸውን በራሳቸው ላይ አዙረው ጣታቸውን አዩ። ነጭ አረፋ እንጂ ደም የለበትም።

«ወደ ትምህርቱ ልመለስ?» አልኳቸው።

«ድምፅህን አሁን ሰማሁት። ለሳሙናው ይበጃል» አሉና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ።

ስሸኛቸው አንድ ብሩሽና የሳሙና ሲኒ ሰጠኋቸው። በየዓመቱ ከንግሡ በፊት ጉባኤ ቤቱ ሄጄ ተራ የደረሰውን ተማሪ እንዴት እንደሚላጭ አሳያለሁ፤ ቅሉንም ይዤ ነው የምሄደው።

ዛሬ ሁለት ወንበር ያላት የራሴ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሥራ ልትማሩ ለምትመጡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ፂሙን የሚያለሰልሰው ውሃውና መጠበቁ ነው፤ ምላጩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ቆዳ መቁረጣችሁ አይቀርም። የቆረጣችሁ ቀን ፎጣውን ጫን አድርጋችሁ ያዙና እዚያው ቁሙ።