ኬቨን ያስተማረው «አዎ»

አዲስ አበባ ሳለሁ ከአሥር ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር ደግሞ የሰው መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ኬቨን የሚባል ነጭ አሜሪካዊ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» ስለው፣ «ምን ሆንክ? አስም አለብህ?» ብሎ ይደነግጥ ነበር። እየቆየ ግን እሱም እንደኔው ማለት ለመደ።

አንድ ቀን «ሴኡል እንግሊዝኛ ላስተምር ነው» አለኝ።

«አንተ? እስቲ ግስ ምንድን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «አይጠይቁም እኮ።»

«እንደሱ ከሆነማ እኔንም ይቀጥሩኛላ።»

«ፎቶ ይጠይቃሉ» አለና ዐይኑን ሰበር አደረገ።

እንቅልፍ የነሳኝ ያቺ ፎቶ ነች። እሱ በአውሮፕላን ሄደ፤ እኔ የእሱንም ፈረቃ ደርቤ ቀረሁ። በቅናት አርሬ ከረምኩ ብል ውሸት አይደለም።

በቀደም አንዲት ከኮሪያ የመጣች ተማሪ የመኪናዋን ቁልፍ ስትሰጠኝ፣ «ትቆያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ «አዎ» አለችኝ፤ ልክ እንደ ሰፈሬ ልጅ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«ሴኡል ኬቨን የሚባል መምህር ነበረን» አለች ኮራ ብላ። «ከዚህ ከሎስ አንጀለስ የመጣ። አሜሪካኖች አዎ የሚሉት እንደዚህ ነው። አንተ አታውቅም?»

እኔም ትንፋሼን ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ። «ከኬቨን ትንሽ ይቀርሃል እንጂ ጥሩ ሞክረሃል።»