ማንጎ ሻጯ ኦብሴ እና የእኔ እንግሊዝኛ

ክው ነው ያልኩት! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ፣ አሶሳ ገበያ መሃል አንድ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀኝ ምላሴ ተሳሰረ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ ሳስተካክል ደንበኛዬ ማንጎ ሻጯ ኦብሴ ቀደመችኝ። ባጃጅ ከየት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚወርድ በእንግሊዝኛ አስረዳችው፤ ሁለት ኪሎ ማንጎም ሸጠችለት። ኦብሴ እኮ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከአራተኛ ክፍል ነው!

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት፤ እንደ መቆጣትም አድርጎኛል።

"ደንበኛ ነዋ፣ ቲቸር። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሲመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እጠይቀዋለሁ። ከዚያ እስኪመሽ ለመጣው ሁሉ እሷኑ እላለሁ፤ ገባውም አልገባውም።"

"ሰው አይስቅብሽም?"

"ይስቃል እንጂ! ከባምባሲ ስመጣ ከኦሮምኛ በቀር አልችልም ነበር። አማርኛ ስሳሳት ገበያው በሙሉ ይስቅብኛል፤ እየሳቀ ያርመኛል። እንግሊዝኛውንም የያዝኩት እንደዚያው ነው።" ማንጎዬን በፌስታል እያደረገች ቀና አለች። "የእርስዎ ተማሪዎችስ ሲሳሳቱ ምን ይሏቸዋል?"

ፌስታሉን ተቀበልኳት። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ክፍሌ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲሳሳት ሰምቼ አላውቅም። ሁሌ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ።