ለቅሶ የለበሰው ሰልፍ

ባለቤቴ የሥዕል መምህር ነበር። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለታችንም ከመሀል አገር ተመድበን ጅጅጋ የገባነው ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ነው። የአብዮት በዓል በቀረበ ቁጥር ከቀበሌ ይጠሩትና ጢማሞቹን መሪዎች፣ ማጭድና መዶሻውን ይሥላል። አይወደውም፤ ግን ይሥላል።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። አፈሳ ሲጀመር ከገበያና ከመኪና መናኸሪያ እየለቀሙ ከወሰዷቸው መካከል እኛ ያስተማርናቸው ልጆች ነበሩበት። የዚያን ዓመት ለበዓሉ የታዘዘው ሥዕል ዘማቾችን በደስታ የሚሸኝ ሕዝብ ነበር።

"የእናቶቹ ፊት ፈገግ ያለ ይሁን፣ ጓድ" ብሎታል የቀበሌው ካድሬ።

የበዓሉ ዕለት ሥዕሉ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ አደባባይ ላይ ተገለጠ። እናቶቹ፣ ደገኞቹም ሶማሌዎቹም፣ ፈገግ ብለዋል፤ ግራ እጃቸውን ጨብጠው አንስተዋል። ባለሥልጣናቱ አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ከጎኔ የቆመችው ጎረቤቴ ግን አላጨበጨበችም። ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሶማሌ ናት፤ ባሏ በጦርነቱ ሞቶባታል።

"አባዮ" አለችኝ፤ በቋንቋዋ እህቴ ማለቷ ነው። "ባልሽ የእኛን ሴቶች ለምን ነጭ አለበሳቸው?"

"ለበዓሉ ነዋ።"

"እኛ ዘንድ ነጭ የምትለብሰው ባሏ የሞተባት ናት። እኔም ለብሼዋለሁ።"

ይኼኔ የደገኞቹን ሴቶች ነጠላ አየሁ። ጥለቱ ከግርጌ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገታቸው ዞሯል። ነጠላ እንዲያ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። ሰልፈኛው በሙሉ እየሳቀ ሐዘን ተቀምጧል።

ቤት ስንገባ "ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ብነግርሽ ትከለክዪኝ ነበር።"

"አዎ፣ እከለክልህ ነበር።"

"እሱን ፈርቼ ነው" አለና እጁን መታጠብ ጀመረ።

ለጥቂት ቀናት ከሹሞቹ ያስተዋለ አልነበረም። ሴቶቹ ግን አስተውለዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሰሌዳው ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ወተት ይዘው ከገጠር የሚገቡት ሶማሌዎች ዕቃቸውን አውርደው ያያሉ። አንድ እሑድ ልጇ የታፈሰባት እናት ሰሌዳው ፊት ቆማ የገዛ ነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዞረች። አጠገቧ የነበሩትም አንድ በአንድ አዞሩ። ካድሬው ያንን አየ። እሱም የደገኛ ልጅ ነውና ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገውም።

ባለቤቴን የወሰዱት ከክፍል ነው፤ ጠመኔው በእጁ እንዳለ። ስንቅ አመላልሳለሁ፤ ማየት ግን አይፈቀድልኝም። ሰሌዳውን ከሌላ ከተማ በመጣ ሠዓሊ ቀይ ቀለም አስቀቡት። ጎረቤቴ በየምሽቱ እየመጣች አጠገቤ ትቀመጣለች። ስትነሳ "ለእሱ" ብላ ወተት ትተውልኛለች።

ሲፈታ ግድግዳ እየያዘ ነበር የሚሄደው። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል። "ማን አዘዘህ?" ነበር ጥያቄያቸው። "ማንም አላዘዘኝም ስላቸው ነው የባሰባቸው" አለኝ።

ከማስተማር አንስተው ባቡር በሚያልፍባት በሽንሌ ከተማ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አደረጉት። ተከትዬው ሄድኩ። እዚያ በኖርንባቸው ዓመታት እርሳስ ሲያነሳ አላየሁትም። ልጠይቀው ስል ፊቱን አየውና እተወዋለሁ።

መንግሥት የወደቀ ጊዜ ወታደሮቹ የባቡር ሐዲዱን ይዘው ወደ ጅቡቲ ሲሸሹ በሽንሌ አለፉ። ብዙዎቹ ጫማ የላቸውም፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እኛ ደጃፍ ጥላ ስላለ ይቀመጣሉ። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፤ ባለቤቴ ያጠጣቸዋል።

"እናትህ የት ናት?" ይላል እያንዳንዱን።

አንዱ ጎጃም ይለዋል፣ አንዱ ወላይታ፣ አንዱ ያለቅሳል። በሁለተኛው ቀን ከምድጃ የሞተ ከሰል አንስቶ ወጣና በቤታችን የውጭ ግድግዳ ላይ፣ በኖራው ላይ፣ ተቀምጠው የሚጠጡትን ልጆች እንዳሉ መሣል ጀመረ። ማንም አላዘዘውም፤ የከለከለውም አልነበረም። መቆም ሲያቅተው ወንበር አወጣሁለት።