የቅድመ አያቴ የመጨረሻ ዋንጫ

የወንድሜን ልጅ የብልባላ ሰዎች ለልጃቸው ጠየቋት። ልጆቹ ይዋደዳሉ፤ ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ታላቅ ወንድሜ ግን ሽማግሌዎቹን ገና ከመቀመጣቸው አስነሣቸው። «ቅድመ አያታችንን በመርዝ ለገደለ ቤት ልጄን አልሰጥም» አለ። እኛ ቤት ከእነዚያ ሰዎች እጅ ውሃ እንኳ አይጠጣም፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሲነገረን ያደግነው ነው።

ልጅቷ እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ የተማርክ አንተ ነህ፤ እውነቱን አጣራልኝ» አለችኝ። መምህርነቴ ትዝ የሚላቸው እንዲህ ያለ ጣጣ ሲመጣ ብቻ ነው።

ሦስት ወር ተንከራተትኩ። አንዱ መርዙ በጠላ ነው አለኝ። ሌላው በማር ነው አለ። ሦስተኛው ጫማው ውስጥ ነው የተነሰነሰው ብሎ ድርቅ አለብኝ፤ ቅድመ አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ጫማ አድርጎ አያውቅም። አንዳቸውም ያኔ አልተወለዱም፣ ግን ሁሉም በዓይኑ እንዳየ ሰው ይምላል። ጉልበቴን እያሸሁ አሸተን ማርያም ድረስ ወጥቼ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ብጠይቅ፣ የሙት ነገር አይቆፈርም ብለው ገሥጸው መለሱኝ።

ብስጭቴን ይዤ አክስቴ ቤት ገባሁ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ የሟቹ የልጅ ልጅ ናቸው። ቀድሜ ያልጠየቅኋቸው ይህ ወሬ ሲነሣ ሁልጊዜ ተነሥተው ስለሚወጡ ነው። ያን ቀን ምርር ብዬ ሳወራ ሰምተው፣ «ተው እንግዲህ፣ አትንከራተት። ኮሶ ነው የገደለው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅድመ አያቴ ያን ቀን ጠዋት ለሆዱ ትል ኮሶ ጠጣ። አልሠራለት ሲል «ድገሚኝ» አለ፤ ሚስቱም ወቅጣ ደገመችው። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤቱ ተሸሽጎ ይውላል እንጂ ሰው ፊት አይቀርብም፣ መጠጣቱንም አይናገርም። ከሰዓት ግን በድንበር የተጣላው ጎረቤቱ፣ የብልባላዎቹ ቅድመ አያት፣ ለዕርቅ ጠራው። ቢቀር ዕርቅ እምቢ አለ ሊባል ነው፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ ነውር ነው። ሄደ፣ በባዶ ሆዱ አንድ ዋንጫ ጠላ ጠጣ፣ እዚያው ወደቀ።

«አያቴ ልትሞት ስትል ነው የነገረችኝ» አሉ አክስቴ።

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉ?»

«አያቴን ባል ገዳይ ላስብላት?»

የሰው ቤት ገዳይ ሲባል መኖሩ ግን ምንም አልመሰላቸውም። ደሜ ፈላ። ዘጠና ዓመት በሚጠጋቸው ሴት ላይ ደግሞ አይጮህ ነገር።

ብልባላ ሄጄ የልጁ አያት ፊት ተቀመጥኩ። ምራታቸው ጠላ አመጣች፤ ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ዓይን ዓይኔን እያየች ቀመሰች። በዚያ ቤት ለእንግዳ ውሃም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚቀርበው፤ ሴቶቹ ልጆች ገና እንስራ ሳይሸከሙ ይማሩታል። አፈርኩ። ጠላውን ጨልጬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«አያቴ ከዚያ ወዲህ ደግሶ ማንም ሳይመጣለት ነው የሞተው» አሉ። «እኛም በደል ያለብን መስሎን አንገታችንን ደፍተን ለመንናችሁ። ከእንግዲህ አንለምንም። ልጆቹ እንዲጋቡ ከፈለጋችሁ፣ እናንተ ድንጋይ ተሸክማችሁ ኑ።»

የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት ይደፋል፤ የአገሩ ይቅርታ አጠያየቅ ነው። ለወንድሜ ስነግረው፣ «መርዙ ይሻለን ነበር» አለ። የምሩን ነው። ሁለት ሳምንት ተኮራረፍን። ልጅቷ እህል አልቀምስም ስትል ነው እሺ ያለው።

የምንሄድበት ቀን ጠዋት ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ሊመርጥ ወረደ። አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል ቆይቶ ቡጢ የምታህል ጠጠር ይዞ መጣ። ልጅቷ ከእጁ ተቀብላ ወረወረቻትና ሁለት እጅ የሚፈልግ ድንጋይ እያንከባለለች አመጣች።

«አባዬ፣ ይኸኛው ነው» አለችው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጎንበስ ብዬ በአንድ በኩል ያዝኩና ትከሻው ላይ አወጣንለት።