የቶሮንቶ ጠዋት የእኛ ከሰዓት በኋላ ነው

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ የሺሐረግ «አውሮፕላኑ ጠፋ!» እያለች ወደ ግቢዬ ገባች።

ልጇ ስንዱ ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ወደ ቶሮንቶ ተሳፍራለች። እናት ደግሞ ስትሸኛት፣ ልጇ መሬት ሳትረግጥ እህል ላትቀምስ ምላለች።

ትኬቱ ላይ መነሻው ማታ አራት ሰዓት ተኩል፣ መድረሻው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ካለፈ ቆየ፤ ስልኩ አልጠራም።

«ቁጭ በይ» አልኋት። «ያ አንድ ሰዓት የቶሮንቶ ነው፤ እኛ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አሥራ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።»

«እትዬ፣ ስንት ፀሐይ ነው ያለው?»

«አንዲት ናት፤ እነሱ ጋ እስክትደርስ ጊዜ ይወስድባታል። በይ ቁርስሽን ብዪ።»

«ብሞት አልቀምስም! ምያለሁ እኮ!»

(የእኔ የጂኦግራፊ መምህር ቢሆኑ ኖሮ ግሎቡን አሸክመው ያንበረክኳት ነበር።)

እሷን እያየሁ ብቻዬን መብላት አፍሬ እኔም ሳልበላ አብሬያት ዋልሁ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ። «ደርሻለሁ እማዬ! በይ አሁን ብዪ።»

የሺሐረግ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «አንቺስ ልጄ፣ እህል ቀመስሽ?» አለቻት።

«እኔማ መንገዱን ሙሉ ሲያበሉኝ ነው የመጣሁት!»

ሁለት የተራቡ ሴቶች ተያይተን ሳቅን፤ ከዚያ ሽሮውን ለማሞቅ ተነሣሁ።

እናንተስ መንገደኛ ስትጠብቁ ሰዓቱ ተምታቶባችሁ ያውቃል? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።